የአባቴ በርጩማ ላይ የተቀመጠው ኮምፒውተር

በሁለት ሽማግሌዎች መካከል አንድ በርጩማ አለ። በርጩማው ላይ ማጠፊያው ተሰብሮ በጥቁር ላስቲክ የታሰረ አሮጌ ላፕቶፕ ተቀምጧል። ከፊቱ በትንሽ ትሪ እንጀራና ወጥ ቀርቦለታል፤ በስተቀኙ አንድ ብርጭቆ ጠላ አለ። ላፕቶፑ እኔ ነኝ። ሀንጋሪ በኖርኩባቸው ሦስት ዓመታት ደብረ ማርቆስ ውስጥ የነበረኝ መልክ ይኸው ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። አባቴ ወር በገባ በአሥራ ሁለት የሚሰበሰብ የሚካኤል ማኅበር ነበረው። ማኅበርተኞቹ አሥራ ሁለት ናቸው፤ እያንዳንዱ በዓመት አንድ ጊዜ በቤቱ ይደግሳል። ድግሱ ሲያበቃ ደጋሹ ጽዋውን፣ ማለትም ቀይ ጨርቅ የለበሰውን የሸክላ ማሰሮ፣ ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ያስረክባል፤ ተረኛውም በክብር ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይዞት ይሄዳል። የአባቴ ወር ኅዳር ነበር። ሠላሳ ዓመት ያህል ከቤት እያስያዘ በሚወስዳት በርጩማ ላይ ተቀምጦ በልቷል፣ ጠጥቷል፣ ከሁሉም በላይ ተከራክሯል። ሲሞት እናቴ ተዝካሩ እንኳ ሳይደርስ ጠራችኝና «ያባትሽን ቦታ ትይዣለሽ» አለችኝ። ወንድም የለኝም። ቢኖረኝም እኔኑ ትመርጥ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ቤታችን ውስጥ ከአባቴ ቀጥሎ ክርክር የሚወድ ሰው እኔ ነኝ፣ ማኅበሩም ያለ ተከራካሪ ጭር ይላል።

የማኅበሩ አለቃ ሙሴ ይባላል። የእኛ ሙሴ ከፍርድ ቤት ጸሐፊነት ጡረታ የወጡ፣ ኮታቸውን በክረምትም በበጋም የማያወልቁ ሰው ናቸው። የማኅበሩን ሕግና የቀሪና የተገኚውን ስም የሚጽፉበት በላስቲክ የተሸፈነ ደብተር አላቸው። በደብተሩ ላይ ያለ ነገር አለ፤ የሌለ ነገር የለም። ከአባቴ ጋር ጎን ለጎን ነበር የሚቀመጡት፤ ሲከራከሩ ሌላው ሰው ወጡ እስኪቀዘቅዝ ያዳምጣቸው ነበር። እኔ በአባቴ ቦታ በተቀመጥኩ በመጀመሪያው ቀን ጎንበስ ብለው በርጩማውን በመዳፋቸው ጠረጉልኝና ደብተራቸውን ከፈቱ። እንዲህ ሆኜ ሁለት ኅዳር ደገስኩ።

በከተማችን ዩኒቨርሲቲ የማስተምረው ስለ አፈር ነው፤ የአገራችን አፈር ኮምጥጦ ስንዴውና ገብሱ አልሆን እያለ ገበሬውን ሲያሰቃየው ስላየሁ በዚያው ልገፋበት ፈለግኩ። ሀንጋሪ የሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለሦስት ዓመት ተቀበለኝ። ደብዳቤው በደረሰኝ ቀን ዘለልኩ፤ በማግስቱ ግን መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ቪዛው አልነበረም፣ ቦታዬ ነው። በጥር ማኅበር፣ ዳቦው ተቆርሶ ጨዋታው ሲደራ፣ ተነሥቼ ቆምኩ።

«ለትምህርት ውጭ አገር ልሄድ ነው። ሦስት ዓመት ነው። ቦታዬን እንዳትሰጡብኝ ልለምናችሁ ነው» አልኩ።

«ምን ልትማሪ?» አሉ ከደምበጫ እየተመላለሱ የሚሰበሰቡት ገበሬ ማኅበርተኛችን።

«ስለ አፈር።»

«እረግ! አፈሩ እኮ ያለው እዚህ ነው!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅኩ፤ ዓይኔ ግን ሙሴው ላይ ነበር። እሳቸው አልሳቁም። መነጽራቸውን አድርገው ከደብተሩ አነበቡ፤ «ሦስት ወር በተከታታይ የቀረ ማኅበርተኛ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።» ቀና ብለው አዩኝ። «ሦስት ወር እንጅ ሦስት ዓመት የሚል የለም። ደግሞ ቦታ የሚጠብቅ ሰው አለን።»

ደሜ ፈላ። እንዲህ ስሆን ድምፄ ይቀጥናል፤ ከአባቴ የወረስኩት ነው። «መቅረት ማለት ምን ማለት ነው?» አልኳቸው።

«መቅረትማ ፊትሽ አለመታየቱ፣ ድምፅሽ አለመሰማቱ ነዋ!»

«ፊቴ ከታየ፣ ድምፄም ከተሰማስ?»

«ከሀንጋሪ?»

«በኮምፒውተር። እማዬ ይዛልኝ ትመጣለች፤ ከቦታዬ ታስቀምጠኛለች።»

ጉምጉምታ ሆነ። አንዷ እናት «ኧረ ይኸ ነገር ከጽዋው ጋር ይስማማል?» አሉ። የማኅበሩ ቄስ ጢማቸውን እያሻሹ ትንሽ አሰቡና «በዓይናችን የማናየውን ስንጠራ እየኖርን፣ የምትታየውን ልጅ ምን ብለን እንከልክላት?» አሉ። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ከዚያ በኋላ የሚከራከር ጠፋ። ሙሴው ግን ጽፈው አልጨረሱም ነበር። «ፊትም ድምፅም እሽ። ሦስተኛው ግን አለ፤ ተረኛው ጽዋውን በእጁ ይቀበላል ይላል ሕጉ። በእጁ! ይኸንን እንዴት ልታደርጊው ነው?»

«ተራዬ እስኪደርስ ዘጠኝ ወር አለ፤ አስብበታለሁ።»

«እኛም እናስብበታለን። እጅ ከሌለ ግን ቦታው የለም። ያባትሽ ቦታም ቢሆን።»

የመጨረሻዋ ቃል ከነከሰችኝ ቦታ እስከ ጥቅምት ድረስ አለቀቀችኝም። እውነቱን ልናገር፤ ለአንድ በርጩማ ያን ያህል የምጨነቅ ሰው መሆኔን አላውቅም ነበር። ግን አባቴ በከተማው ውስጥ ሌላ ምንም ቦታ አልነበረውም፤ ቤታችን የእናቴ ውርስ ነው፣ መሬት አልነበረውም፣ ሥልጣን አልነበረውም። የነበረው በአሥራ ሁለቱ መካከል ያለች አንዲት መቀመጫ ናት። እሷ በእኔ እጅ ከጠፋች አባቴን እንደገና የቀበርኩት ይመስለኝ ነበር።

ከመሄዴ በፊት አንድ ሳምንት ሙሉ እናቴን አሠለጠንኳት። ከዚያ በፊት ኮምፒውተር ነክታ አታውቅም። ማብሪያው ላይ ቀይ ክር፣ ስደውል የምትነካው ቁልፍ ላይ አረንጓዴ ክር፣ ድምፅ መጨመሪያው ላይ ቢጫ ክር ለጠፍኩላት። እኔ መኝታ ቤት ሆኜ እደውላለሁ፣ እሷ ሳሎን ሆና ታነሣለች።

«እማዬ፣ ይሰማሻል?» እላለሁ።

«ይሰማኛል!» ብላ ከሳሎን ትጮኻለች።

«እንደሱ አይደለም እኮ፤ በኮምፒውተሩ!»

«በግድግዳውም ይሰማኛል። ምን አስቸገርሽው?»

እንዲህ እየተጨቃጨቅን ለመደችው። ኢንተርኔቱን ከስልኳ እንዴት እንደምታገናኘው ስትይዝማ እኔንም ታርመኝ ጀመር።

የመጀመሪያው ማኅበር የካቲት ላይ ዋለ። እኔ ሀንጋሪ በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት ነው። በእኛ ሰባት ሰዓት ሲሆን እዚያ ገና ረፋድ ስለሆነ በቤተ ሙከራችን ጎን ያለችውን የዕቃ ክፍል አስፈቅጄ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ በአፈር ከረጢቶች መካከል ተቀመጥኩ። ደወልኩ። ጨለማ ታየኝ፣ ከዚያ የዘንቢል ጆሮ፣ ከዚያ የእናቴ አገጭ። ከዚያ ወዲያ ሰዉ ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣብኝ።

ሰላምታን አላሰብኩትም ነበር! የእኛ ሰው በሩቁ እጅ አውለብልቦ የሚቀመጥ አይደለም። አንድ በአንድ እየተነሡ ጉንጫቸውን ከላፕቶፑ ጋር እያነካኩ፣ በቀኝ በግራ በቀኝ፣ ሳሙኝ። እናቶቹ ደግሞ ለበዓሉ ፀጉራቸውን ቅቤ ተቀብተው ነበር። አምስተኛዋ ሴት ስማኝ ስትመለስ ማኅበሩ በሙሉ ጭጋግ ውስጥ ገባ። ነጭ ነገር ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፤ ማን ማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

«እማዬ፣ ካሜራው በቅቤ ተሸፈነ! ከላይ ያለችውን ትንሿን ክብ ጥረጊልኝ።»

እናቴ የነጠላዋን ጫፍ በምራቋ አርሳ ጠረገችኝ። ልጅ ሳለሁ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ፊቴን የምትጠርገኝ ልክ እንደዚያው ነበር፤ እዚያ ዕቃ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ጉንጬን ወደ ኋላ ሳሸሽ ራሴን አገኘሁት።

ቀጥሎ ሌላ ጣጣ መጣ። ቄሱ ጸሎት ሲጀምሩ ሁሉም ተነሣ። እኔም ብድግ አልኩ። ብድግ ስል ታዲያ ጭንቅላቴ ከካሜራው ወጣ፤ ለማኅበሩ የሚታየው ሆዴና የጃኬቴ ዚፕ ብቻ ሆነ። ጸሎቱ እንዳለቀ ሙሴው «ፊት አልታየም» አሉ። «ቆሜ ነው እኮ!» አልኩ። «ቆመሻል፤ ግን አልታየሽም።» ብቀመጥ ነውር ነው፣ ብቆም ሕግ መጣስ ነው። በሚቀጥለው ወር የራሴን ኮምፒውተር በፋይል መደርደሪያው ጫፍ ላይ፣ ከሱም በታች አራት ወፋፍራም መጻሕፍት ደርድሬ ሰቀልኩትና ቆሜ ተሰበሰብኩ። የቤተ ሙከራ ባልደረባዬ፣ ሁልጊዜ የሻይ ኩባያ ከእጇ የማይለይ ሀንጋሪያዊት ልጅ፣ በሩን ከፍታ ነጠላ ለብሼ ለመደርደሪያ ስሰግድ አየችኝ። ነገሩን አስረዳኋት። ምን ያህል እንደገባት እንጃ፤ ብቻ ከዚያ በኋላ ቀኑን በግድግዳችን የቀን መቁጠሪያ ላይ በቀይ እየከበበች ሰው ወደ ዕቃ ክፍሉ እንዳይገባ ትከለክልልኝ ጀመር።

ምግቡስ? ሲታደል ሰው መዝለል በእኛ ዘንድ አይታሰብም። ለላፕቶፑ ትሪ ቀረበለት። «እማዬ፣ እኔ እኮ አልበላም» ብላት «ታዲያ ዘለውሽ ሲያልፉ ዝም ብዬ ልይ?» አለችኝ። ሲያበቃ ድርሻዬን በር ላይ ለሚቀመጡት ነዳያን ትሰጠዋለች። እነሱም «ውጭ አገር ያለችውን ይጠብቅልን» ይሉ ነበር አሉ። እኔ በዚያን ጊዜ ከቆርቆሮ ባቄላ አውጥቼ በዳቦ እየበላሁ እንደነበር አልነገርኳቸውም።

መጋቢት ላይ የደረሰው ግን ከሁሉ ይብሳል። በየካቲቱ ስብሰባ ስለ ብርዱ ሲጠይቁኝ ኮምፒውተሬን ወደ መስኮቱ አዙሬ በረዶውን አሳይቻቸው ነበር። ጉድ ብለው አዘኑልኝ። በመጋቢቱ የዕቃ ክፍሉ ማሞቂያ ጠፍቶ ስለነበር ካፖርትና ኮፍያ አድርጌ ቀረብኩ። ገና ሲያዩኝ እናቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ኧረ ልጅቱ በብርድ አለቀች!» አሉ አንዷ።

«ትንሽ ነው፤ ግድ የለም» አልኩ።

«ምን ግድ የለም፤ አፍንጫሽ ቀልቷል!» ብለው ተነሡና ጋቢያቸውን ከላያቸው አውርደው፣ አራት እጥፍ አድርገው፣ ላፕቶፑን ደህና አድርገው ከጀርባው እስከ ቁልፎቹ ሸፈኑት። ፊቴን ብቻ ተዉልኝ። ደምበጫ የሚኖሩት ሽማግሌ የራሳቸውን ጋቢ ደረቡበት። ተዉ፣ ኮምፒውተር አይበርደውም፣ ይሞቀዋል ብዬ ለመንኩ፤ «ዝም በይ፤ ሙቂ» አሉኝ። አሮጌው ላፕቶፕ በሩብ ሰዓት ውስጥ እንደ ምጣድ ግሎ ጥርቅም ብሎ ጠፋ።

እኔ ማዶ ሆኜ ጥቁር መስኮት ላይ አፍጥጬ ቀረሁ። ማኅበሩ ምን እንዳለ እናቴ በኋላ በስልክ ነገረችኝ። መጀመሪያ «እንቅልፍ ወሰዳት» ተባለ። ከዚያ ሙሴው ሰዓታቸውን አይተው፣ ደብተራቸውን ከፍተው፣ «ማሳረጊያው ሳይደርስ አቋርጣ ወጣች» ብለው ጻፉ። ከማሳረጊያ በፊት የወጣ ሰው ቅጣቱ ለቤተ ክርስቲያን አንድ እስር ጧፍ ነው። በጋቢያቸው ያፈኑኝ እናት «እኔ ነኝ ያስወጣኋት፣ እኔ እከፍላለሁ» ቢሉ ሙሴው እሽ አላሉም። ጧፉን እናቴ ገዛች። እኔ በቁጣ ሁለት ቀን ደብዛዬ ጠፋ፤ በሦስተኛው ቀን በትራም ስሄድ ነገሩ ትዝ ብሎኝ ብቻዬን መሳቅ ጀመርኩና አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ቦታ ቀየረች።

እስከ ሰኔ እንዲህ እያልን ደህና ሄድን። ሐምሌ ላይ ግን ዝናቡ በረታና ኢንተርኔቱ ጠፋ። ስልኩም ቢሆን እንደ ነገሩ ነበር። የሐምሌ አሥራ ሁለት ቀን ዕቃ ክፍሉ ውስጥ ነጠላዬን ለብሼ ቆሜ፣ እየደወልኩ እየደወልኩ፣ ከሰዓት ሆነ። ነሐሴም እንዲሁ አለፈ። ሁለት ወር ቀረሁ ማለት ነው። አንድ ወር ብቻ ቀረኝ። መስከረም አሥራ ሁለት ሲቃረብ ኢንተርኔቱ አልተመለሰም፤ የእናቴ ስልክ ግን አልፎ አልፎ ይይዛል። እናቴ «ግድ የለም፤ አንች በሰዓቱ ደውይ» አለችኝ። ድምፅ ብቻውን እንደማይበቃ ስነግራት «ደውይ አልኩሽ» ብላ ዘጋችው።

ደወልኩ። ከወዲያ የሰው ድምፅ ሳይሆን መጀመሪያ ሳቅ ሰማሁ። እናቴ ለካ ሳሎን ግድግዳችን ላይ የተሰቀለውን የምረቃ ፎቶዬን ከነመስተዋቱ አውርዳ፣ በዘንቢል ይዛ ሄዳ፣ በርጩማው ላይ አቁማዋለች። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ከፎቶው ሥር አስቀምጣለች። ቆብና ካባ ያደረገችው ፎቶ ጥርሷን አሳይታ ትስቃለች፤ እኔ ከሥሯ ሆኜ «እንደምን ዋላችሁ» እላለሁ።

«እንግዲህ» አሉ ሙሴው፤ ድምፃቸው በስልኩ ውስጥ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። «የምትታየው አትናገርም። የምትናገረው አትታይም።»

ብዕራቸውን ከኪሳቸው ሲያወጡ የታየኝ መሰለኝ።

«ሁለቱ ሲደመሩ አንድ ሰው ይሞላሉ። ተገኝታለች።»

ስልኩን ይዤ ከአፈር ከረጢቶቹ ላይ ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ። ደስታዬ ወደር አልነበረውም፤ ግን ወዲያው ጥቅምት ትዝ አለኝ። በጥቅምት ጽዋውን የምቀበለው እኔ ነኝ። ፊትን ፎቶ ሞላው፣ ድምፅን ስልክ ሞላው፤ እጅን ምን ይሞላዋል? ዘጠኝ ወር አስብበታለሁ ብዬ አንዲት መልስ አላገኘሁም።

ጥቅምት ኢንተርኔቱ ተመለሰ። ወሩ የደምበጫው ሽማግሌ ስለነበር ማኅበሩ ሚኒባስ ተኮናትሮ ወደ ደምበጫ ወረደ። በርጩማዬ ጣሪያ ላይ ታሰረች፣ እኔ በእናቴ ጉልበት ላይ ሄድኩ። ስደውል ግቢው ውስጥ የታሰረ ፈረስ ይታየኛል፤ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ያን ቀን የእህል ሽታ በኮምፒውተር የሚመጣ ቢሆን ምን ነበረበት ብያለሁ። ተበላ፣ ተጠጣ፣ ቄሱ አሳረጉ። የቤቱ ጌታ ቀይ ጨርቅ የለበሰውን ማሰሮ በሁለት እጃቸው ታቅፈው ተነሡና ወደ በርጩማዬ መጡ። ጠላ የሞላበት ማሰሮ ነው፤ ቀላል አይደለም።

«ለማን ልስጥ?» አሉ።

እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ ብድግ አለች። «እኔ እቀበልላታለሁ። የወለድኳት እኔ ነኝ።»

«አንች የማርያም ማኅበርተኛ ነሽ» አሉ ሙሴው። «ሕጉ የራሱ እጅ ነው የሚለው።»

«እጇ ሀንጋሪ ነው!»

«አውቃለሁ።»

ክርክሩ ጀመረ። አንዱ ኅዳር ይታለፍ አለ፤ ሌላው ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጥ፣ እሷ ስትመለስ ትደግሳለች አለ፤ ቦታ ስለሚጠብቀው ሰውም የተነሣ መሰለኝ። እኔ እከራከራለሁ ብዬ አፌን ከፈትኩ። «እባካችሁ» ብቻ አልኩ።

«ኧረ ክንዴ ዛለ!» አሉ ማሰሮውን የታቀፉት ሽማግሌ። «ለሀንጋሪም ቢሆን ስጡልኝ!»

ሙሴው እጃቸውን አንሥተው ሁሉንም ዝም አሰኙ። ወደ ካሜራው ጎንበስ ብለው «እጅሽን ዘርጊ እስቲ፣ ልየው» አሉኝ። ሁለት እጄን በነጠላዬ ሸፍኜ ወደ መደርደሪያው ዘረጋሁ። መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ መልሰው አድርገው ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ደብተራቸውን ለቄሱ ሰጡና ከበርጩማው ኋላ በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ ኩታቸውን በእጃቸው ላይ ጥለው፣ ክንዶቻቸውን በላፕቶፑ በግራና በቀኝ በኩል ወደ ፊት ዘረጉ። እናቴ እንደምትለው ፊት ለፊት ለተቀመጠ ሰው እጁ ከኮምፒውተሩ የወጣ ነበር የሚመስለው።

«በል ስጣት» አሉ።

«እጁ ያንተ አይደለም እንዴ?» አሉ የደምበጫው ሽማግሌ።

«የማን እንደሆነ እኔ እመዘግበዋለሁ። አንተ ስጣት!»

ልክ በዚያች ቅጽበት የዕቃ ክፍሉ በር ተከፈተ። ባልደረባዬ ናት። ነጠላ ለብሼ፣ ዓይኔ እንባ ሞልቶ፣ ሁለት እጄን ዘርግቼ ስታየኝ ምን እንዳሰበች እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም። ቀስ ብላ መጥታ የያዘችውን የሻይ ኩባያ በዘረጋሁት እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ደምበጫ ላይ ያሉት ያዩት ይኸን ነው፤ እዚህ ማሰሮው ከሙሴው እጅ ሲገባ፣ እዚያ መስኮት ውስጥ ደግሞ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ጽዋ በእጄ ላይ ዱብ ሲል።

እልልታው ኮምፒውተሬን አንቀጠቀጠው። በጋቢ ያፈኑኝ እናት መሬት ስመው ተነሡ፤ ቄሱ ሳቃቸውን በመስቀላቸው ጀርባ ደበቁት። ሙሴው ማሰሮውን ለእናቴ አስያዙና፣ ጉልበታቸውን አራግፈው፣ ደብተሩን ተቀብለው፣ ቃል በቃል እያሰሙ ጻፉ፤ «ጽዋውን በእጇ ተቀበለች።» እኔ ሻዩን ይዤ እየሳቅኩ አለቀስኩ። ሎሚ ያለበት ሻይ ነበር፤ ቆሜ ጨረስኩት።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት በዚያው ሄዱ። ሙሴውም በየጥቅምቱ ይንበረከካሉ፣ እኔም እዘረጋለሁ፣ ባልደረባዬም በሰዓቷ ሻይ ይዛ ትመጣለች። አንድ ነገር ግን አልገባኝም ነበር፤ እኒያ ለአንድ ማሳረጊያ ጧፍ ያስቀጡኝ ሰው ለዚህ እንዴት እሽ አሉ? እናቴን ብጠይቃት «አርጅተው ለዝበው ይሆናል» ብላ አለፈችው።

ተምሬ ከተመለስኩ ዓመት አልፎኛል። አሁን በርጩማው ላይ በአካሌ እቀመጣለሁ፤ የደምበጫው ሽማግሌ ግን ዛሬም «ኮምፒውተሯ ትሻል ነበር፣ አትከራከርም» ይሉኛል። የሙሴው ዓይን ስለደከመ ደብተሩን ለእኔ ሰጥተውኛል። «አንቀጽ አትዝለይ» ብለው ነው የሰጡኝ። አንድ እሑድ ቤት ተቀምጬ የድሮዎቹን ገጾች ስገልጥ የአባቴ የመጨረሻ ጥቅምት ላይ ደረስኩ። «ጽዋውን በእጁ ተቀበለ» ይላል፤ የእሳቸው ጽሕፈት ነው። ደጋግሜ አነበብኩት። እኔ ያን ዓመት ለሁለተኛ ዲግሪ ሌላ ከተማ ነበርኩ፤ ግን በዚያ መስከረም ለዘመን መለወጫ መጥቼ አባቴን አይቼዋለሁ። በሽታው እጁን አሥሮት ነበር። እናቴ ናት የምታጎርሰው። ብርጭቆ እንኳ አያነሣም ነበር።

በሚቀጥለው ማኅበር ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ደብተሩ ምን ይላል?» አሉኝ።

«በእጁ ይላል።»

«እንግዲያው በእጁ ነው።» ጠላቸውን ቀመሱ፣ ብርጭቆውን አስቀመጡ፣ ወደ እኔ ሳያዩ ቀጠሉ። «ሠላሳ ዓመት አጠገቡ ተቀምጨ፣ እጄ የኔ ብቻ ነው ብለሽ ነው?»

ብርጭቆውን አንሥቼ ጠላ ጨመርኩላቸው።

ባለፈው ወር የሙሴው ተራ ደረሰ። ማሰሮውን ሊቀበሉ ሲነሡ ክንዳቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ቀዩ ጨርቅ ገና ሳይነካቸው ነው። ነጠላዬን ዘረጋሁና እጆቼን ከእጆቻቸው ሥር አስገባሁ። ክብደቱ በሙሉ እኔ ላይ አረፈ። አልተያየንም፤ ሌላውም ሰው ያየ አይመስልም፣ ወይም አይቶ ዝም ብሏል። ተቀመጥን። ደብተሩን ከጉልበቴ ላይ አነሣሁና ቀኑን ጻፍኩ፤ ከሥሩም «ጽዋውን በእጃቸው ተቀበሉ» ብዬ ጻፍኩ።